መረብ ሲረክስ

የጉና ተራራ ውሃውን ለሁለት ወገን ያካፍላል። በምሥራቅና በደቡብ ጎኑ የሚወርደው ጋይንትንና ስማዳን እያቋረጠ ወደ ተከዜ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። ከወገዳ በታች ያለው የስማዳ ቆላ የሚያልቀውም በበሽሎና በዓባይ ነው። በምዕራብ ጎኑ የሚወርደው ደግሞ ርብና ጉማራ ሆኖ በፎገራ ሜዳ ላይ እየተጥመለመለ ጣና ይደርሳል። ጉማራ ውሃውን የሚሰበስበው ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከደራና ከፎገራ ነው። ስለዚህ አንድ የእስቴ ገበሬ ማሳው ላይ የጣለው ዝናብ ጣና ቢደርስ፣ የስማዳ ጎረቤቱ ማሳ ላይ የጣለው ደግሞ ጣናን ሳያይ ሱዳን ሊገባ ይችላል።

የዚህ አገር ሰው በዓሣ አይታወቅም። ዓሣ የሐይቅ ዳር ሰው ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ከጉና በሚወርደው ውሃ ውስጥ፣ በጠጠር ላይ ነው። በክረምቱ ማብቂያ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ተነስተው ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገቡና ንጹሕና ፈጣን ውሃ ባለበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ይህን ጉዞ የሚያስቀር ነገር ሁሉ የዓሣውን ዘር ያስቀራል። ባለፉት አርባ ዓመታት ጉዞውን ካስቀሩት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ መረብ ነው። መረቡ ከምን እንደተሠራ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ሲቀደድ ማን እንደጠገነው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የጣና ዓሣ ታሪክ ግን ያለዚህ ጥያቄ አይገባም።

ከድሮው እንጀምር። በጣና ዓሣ ማስገር ለረጅም ዘመን በታንኳ የሚሠራ የባሕር ዳርቻ ሥራ ነበር። ታንኳው ከደንገል ይታሰራል፤ በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጉማሬ ያድኑ ነበርና ሥጋውን በመብላታቸው ሲናቁና ሲገለሉ ኖረዋል፤ የጣናን ውሃ ግን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ውሎ ሲገባ ወደ ዳር ተጎትቶ ይቆማል፤ ፀሐይ ይመታውና ይደርቃል፤ ሳምንታት ሲያልፉ እየከበደና እየላላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይፈታና አዲስ ይታሰራል። በእንዲህ ያለ ጀልባ ሩቅ አይኬድም። ማዕበል ቢነሳ አደጋ ነው፤ ጭነት ቢበዛ ይሰምጣል። አስጋሪው በአብዛኛው በዳርቻው ሣርና ደንገል መካከል ቀረሶ ይይዛል፤ ቀረሶ ደግሞ ወንዝ ሳይወጣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ የሚራባ ዓሣ ነው። ለጉማራ ነጭ ዓሣ የመጀመሪያው መከላከያ የታንኳው ደካማነት ነበር ማለት ይቻላል። ማንም አስቦ ያወጣው ሕግ ግን አልነበረም።

መረቡም እንደ ታንኳው ነበር። ናይለን ከመምጣቱ በፊት በዓለም ዙሪያ መረብ የሚሠራው ከጥጥ፣ ከተልባ እግር፣ ከቃጫና ከመሳሰለው ክር ነው። እንዲህ ያለ ክር ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። በአውሮፓ ባሕር ዳርቻ የነበሩ አስጋሪዎች መረባቸውን በዛፍ ቅርፊት በተፈላ ውሃ እየነከሩ ልክ ቆዳ እንደሚለፋ ያለፉት ነበር፤ ዕድሜውን ትንሽ ለማርዘም። በየጊዜው ማድረቅ፣ መንከር፣ መጠገን፤ አስጋሪው ከማጥመጃው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ከዓሣው ጋር ከሚያሳልፈው ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ለጥቂት ወደ ሌላ ዓይነት ማጥመጃ፣ ወደ መንጠቆ ዞር ማለት ይጠቅማል። በ1770ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጎንደር ቤተ መንግሥት የከረመው፣ ጢስ ዓባይንና ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ሳይደርስ በላይኛው ግብጽ ስላየው አንድ የዓሣ አጠማመድ ጽፏል። ዓሣው ቢኒ የሚባለው ነው፤ የጣና ነጭ ዓሣ የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። አጥማጁ ጭቃ፣ ዱቄት፣ ዘይትና ማር ከጭድ ጋር ያቦካና እንደ ትልቅ አይብ ያድቦለቡለዋል። መካከሉ ላይ ቴምር የለበሱ መንጠቆዎችን ይቀብራል፤ ለእያንዳንዱም ጠንካራ ሲባጎ ያስርበታል። በተነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ ሆኖ እየዋኘ ወንዙ መካከል ወስዶ ያሰምጠዋል። የሲባጎዎቹን ጫፍ ግን ዳር ላይ በተተከሉ የዘንባባ ቅርንጫፎች ያስራል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ትንንሽ ደወሎችን ያንጠለጥላል። ከዚያ እርሻው ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ዓሣው ጭቃውን እየበላ መንጠቆው ላይ ሲደርስ ይይዘዋል፤ ሲታገል ደወሉ ይጮኻል፤ ሰውዬው ማረሻውን ትቶ ይሮጣል።

ይህ ዘዴ ዛሬም በቀዝቃዛው ዓለም አለ። ሚኒሶታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በክረምት መኪና ተሸክሞ የሚውለውን ሐይቅ ሲያይ መገረሙ አይቀርም፤ በረዶው ላይ ሰዎች ጉድጓድ በስተው በየጉድጓዱ አፍ መስቀል የመሰለ ትንሽ ዕቃ አጋድመዋል። ቲፕ-አፕ ይሉታል። ክሩ የተጠቀለለበት ማሽከርከሪያ እንዳይቀዘቅዝ ከበረዶው በታች ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። ዓሣ ሲጎትተው ማሽከርከሪያው ይዞራል፤ የታጠፈች ትንሽ ባንዲራ ተስፈንጥራ ትቆማለች። ዕቃው ውድ አይደለም፤ እንክብካቤ ግን ይፈልጋል። ቅባቱ በብርድ የማይረጋ መሆን አለበት፤ ክሩ እየታየ ይቀየራል፤ ባንዲራዋን የምትይዘው ምላስ ብትዝግ ዓሣው በልቶ ሲሄድ ባለቤቱ ሳያውቅ ይቀራል፤ መንጠቆው በሞረድ ይሳላል። የሚገርመው ግን ሕጉ ነው። በሚኒሶታ በበረዶ ላይ የሚያጠምድ ሰው የሚፈቀድለት ሁለት ክር ብቻ ነው፤ ከባንዲራው ወጥመድ ደግሞ ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ60 ሜትር ገደማ በላይ መራቅ አይፈቀድለትም።

የግብጹ ደወልና የሚኒሶታው ባንዲራ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ወጥመዱ ብቻውን ይውላል፤ ባለቤቱ ግን በጥሪ ርቀት ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ማጥመጃ የሚይዘው የሚፈለገውን ያህል ነው፤ አንድ መንጠቆ አንድ ዓሣ ይይዝና ይጠራል። መረብ አይጠራም። ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል፤ በመካከሉ ስንት ዓሣ እንደገባበት የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ባይመጣም ማጥመዱን አያቆምም። ስለዚህ መረብን ከባለቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ሌላ ነገር መሆን አለበት፤ ያም ዋጋውና ጥገናው ነበር።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። በ1935 በአሜሪካ ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ዋላስ ካሮዘርስ ናይለንን ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናይለን መረብ በመላው ዓለም የጥጡን መረብ ተካ። አይበሰብስም፤ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ዓሣውም በቀላሉ አያየውም። ይህ መረብ ከሞተር ጀልባ ጋር ተጣምሮ በሰፊው ጣና የገባው በ1986 ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ከትልቁ ድርቅ ማግሥት። ፕሮጀክቱን የጀመሩት የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የኔዘርላንድ የእርዳታ ድርጅቶች ነበሩ። ከድርጅቶቹ አንዱ የመጣው ኡርክ ከምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ነው።

ኡርክ ራሷ ታሪክ አላት። ድሮ ደሴት ነበረች፤ ሰዎቿ የሚያሰግሩት ዛውደርዜ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ነበር። በ1932 የኔዘርላንድ መንግሥት ሰርጡን በትልቅ ግድብ ከባሕሩ ለየው፤ ጨዋማው ውሃ ቀስ በቀስ ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ፤ የለመዱት ዓሣ ጠፋ፤ በ1939 ደግሞ ደሴቷ ከየብስ ጋር ተያያዘች። አስጋሪዎቿ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ባሕር ወጡ። ውሃ ሲለወጥ ዓሣ እንዴት እንደሚጠፋ በራሳቸው ዕድሜ ያዩ ሰዎች ልጆች ለጣና ሞተርና መረብ ይዘው መጡ። ክፋት አልነበረበትም፤ ረሃብ በነበረበት አገር ሳይበላ የሚቀር ዓሣ አይተው ነው።

ሥራው ተሳካ። የሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት በ1987 ከ39 ቶን ገደማ ተነስቶ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ባሕር ዳር ላይ አስጋሪዎች ተደራጁ፤ ዓሣ በጾም ሰሞን አዲስ አበባ ድረስ መጫን ጀመረ። አዲሶቹ መረቦች ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው የተሠሩ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለእነሱ የተተረተ ይመስላል፤ አንዱ ቀጭን ክር ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዙታል። የመረቡ ዓይን ሲለጠጥ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ዓሣ ያልፋል፤ ትልቁ ይያዛል።

እንዲህ ያለ መረብ ከውጭ የሚገባና ውድ ነው። ውድ ስለሆነም ይጠገናል። የመረብ ጥገና ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። መረቡ ጥላ ውስጥ ይዘረጋል፤ ናይለን አይበሰብስም እንጂ የፀሐይ ጨረር ያደክመዋል። ቅርፊትና ዝቃጭ ይታጠባል። ከዚያ ቀዳዳው ሲፈለግ የሚያስገርመው ነገር ይመጣል፤ ጥገናው የሚጀምረው በመቁረጥ ነው። የተበላሹት ዓይኖች ዙሪያቸውን በምላጭ ይስተካከላሉ፤ ቀዳዳው ከነበረው ይሰፋል። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ክር የሚያርፍበት ጤነኛ ቋጠሮ አያገኝም። ጠጋኙ ባለ ሦስት እግር ቋጠሮ ፈልጎ ከዚያ ይጀምራል፤ ክር በተጠቀለለበት ጠፍጣፋ የእንጨት መርፌ እየሠራ፣ በአንድ ቁራጭ እንጨት ወይም በጣቱ የዓይኑን ስፋት እየለካ ረድፍ በረድፍ ይወርዳል። ቋጠሮው ሸማኔዎች የተበጠሰ ድር የሚቀጥሉበት ቋጠሮ ነው፤ በሌላው ዓለምም የሸማኔ ቋጠሮ ይባላል። የመጨረሻው ቋጠሮ እንደ መጀመሪያው ባለ ሦስት እግር ላይ ካላረፈ ሂሳቡ ተሳስቷል ማለት ነውና ይፈታል።

ከመረቡ ጋር የሚጠገኑ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ላይኛው ገመድ የሚንሳፈፍበት፣ ታችኛው ገመድ የሚሰምጥበት ክብደት ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፤ የሚያንሳፍፈው ከበዛ መረቡ ውሃው ውስጥ አይቆምም፤ የሚያሰምጠው ከበዛ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ሱቅ የጠፋውን ዕቃ አስጋሪ በእጁ ያለው ይተካዋል። ባዶ የውሃ ላስቲክ ተንሳፋፊ ይሆናል፤ ያረጀ የጎማ ጫማ ተቆራርጦ እንደዚያው፤ ድንጋይ እንደ እርሳስ።

የልኬት እንጨቷ ጉዳይ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በጥገና ጊዜ ጠጋኙ እንጨቷን ካጠበበ የመረቡ ዓይን ይጠባል፤ ጠጋኙና አስጋሪው አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ ይህን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። በጣና ዳር ከማንኛውም ተቆጣጣሪ በፊት የዓሣውን ዕድሜ የሚወስን ቢኖር ይህ እንጨት ነበር።

እዚህ ላይ የዚህን ታሪክ የማይመች ክፍል ማንሳት ግድ ነው። ዓሣው ማለቅ የጀመረው በርካሽ መረብ አይደለም፤ በዚያው በጠንካራው፣ በሚጠገነው መረብ ነው። ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ1990ዎቹ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ሳይሆን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች መሆኑን አሳይተው ነበር። ግማሾቹ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ለጥርስ አልባ ዓሣ ይህ ብርቅ ነው። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ እየወደቀ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው ሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው። በዓለም ላይ የዚህ ቤተሰብ ተመሳሳይ ስብስብ የነበረው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ሲሆን እሱ ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፍቷል። እና ያ የተገኘው ሀብት ገና ተቆጥሮ ሳያልቅ መቀነስ ጀመረ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ፣ ገና ያልደረሱት ትንንሾቹ ደግሞ በ90 በመቶ መቀነሳቸውን አስነበቡ።

ምክንያቱ ሞተሩ ነበር፤ ወይም በትክክል ለመናገር ሞተሩ መረቡን ያደረሰበት ቦታ። ታንኳ ከባሕር ዳር ተነስቶ ጉማራ አፍ ድረስ ሄዶ በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ ሞተር ይመለሳል። ነጭ ዓሣው ደግሞ በክረምት ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት ጎርፉን እየጠበቀ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በዚያ ሰሞን እዚያ የተጣለ መረብ ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ተዘርቶ የሚኖርን ዓሣ በአንድ ቦታ ያገኘዋል፤ ያውም እንቁላል የተሸከመችውን። ተስፋዬ ውድነህ በ1998 ስለ ባሕር ዳር ሰርጥ የዓሣ ሀብት የዶክትሬት ጥናቱን ሲያቀርብ፣ በኋላም ሌሎች ተመራማሪዎች ሲከተሉ፣ በተደጋጋሚ የተነሳው ሐሳብ ከባድ አልነበረም፤ በእንቁላል መጣያው ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን የሚል ነው።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ኋላ ለመጣው ርካሽ ክር መስጠት ልክ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ጥፋት ያደረሱት በቁጥር የሚታወቁ ጀልባዎች ናቸው፤ ማኅበር አላቸው፤ መረባቸው ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ተጠርተው ሊነጋገሩ፣ ተስማምተው ለሦስት ወር መረባቸውን ሊያነሱ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ውድ መረብ ያለው ሰው መረቡ ቢወረስ ይጎዳል፤ ስለዚህም ይሰማል። ያ ዕድል ሳይሠራበት አለፈ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ የሞኖፊላመንት ነው። ከ2000ዎቹ ማብቂያ አንስቶ በሱዳን ድንበር በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ ሌላ መረብ ጣና ዳር መታየት ጀመረ። የተገመደ አይደለም፤ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር ነው፤ መስታወት ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለሰውም ለዓሣም አይታይም። ዓይኑ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርካሽ ነው። የተገመደውን መረብ በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት የውጭ ምንዛሬ ይጠበቃል፤ ቀረጥ ይከፈላል፤ ኮንትሮባንዱ ግን የባንክ ወረፋ የለበትም። ለወጣት ሥራ ፈላጊ ወይም መሬት ለጠበበው የዳርቻ ገበሬ ትንሽ ገንዘብ አስጋሪ ለመሆን በቂ ሆነ። ያንን ወጣት መውቀስ ይከብዳል።

ይህ መረብ ግን አይጠገንም። ክሩ ጠጣርና አንሸራታች ስለሆነ የሸማኔው ቋጠሮ አይይዝበትም፤ ደርቦ ካልተቋጠረ ይላቀቃል። ሊጠገን አይችልም ማለት አይደለም፤ ድካሙ ከዋጋው ስለሚበልጥ ማንም አይሞክረውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይቆራረጣል፤ ያኔ ሌላ ይገዛል። አሮጌው የት ይሄዳል? ውሃው ውስጥ ይቀራል። የጥጡ መረብ ቢጠፋ ይበሰብስ ነበር። የፕላስቲኩ ግን ባለቤት ሳይኖረው ማጥመዱን ይቀጥላል፤ የገባበት ዓሣ ይሞታል፤ የሞተው ሌላውን ይስባል። በእንግሊዝ አፍ የሙት መንፈስ አጥማጅ ይሉታል።

በአማርኛ ረከሰ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ዋጋው ወረደ ማለት ነው፤ ክብሩ ተነካ፣ ተዳደፈ ማለትም ነው። በጣና ዳር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱ። መረብ ዋጋው ሲወርድ የሚጠግነው ጠፋ፤ የሚጠግነው ሲጠፋ የሚጠብቀውም ጠፋ። ብዙ ሰው አንድ ውድ መረብ ከሚኖረው ይልቅ ዐሥር ርካሽ ቢኖረው ይመርጣል፤ አንዱ ቢወሰድበት ዘጠኝ ይቀረዋል። ተቆጣጣሪ ይዞ ቢያቃጥልበት ያ ኪሳራ አስቀድሞ የተቆጠረ ወጪ ነው። የቅጣት ሕግ የሚሠራው ሰውዬው ሊያጣው የሚፈራው ነገር ሲኖር ነው፤ ርካሹ መረብ ይህን ፍርሃት ወሰደ።

ከመረብ በፊት የነበረ፣ ጥገናም ሆነ ግዢ የማይፈልግ ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ፤ ብርብራ። የዛፉ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ተንሳፎ ይወጣል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው ይህን የሚያደርገው። በዝቅተኛ ውሃ ላይ ከተደረገ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ይጨርሳል። ከጉና ጎን በሚወርዱ ገባሮች ላይ ሲሠራ የኖረ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለእንቁላል የወጣው ዓሣ መሸሻ የለውም። ሰው ሳያወጣበት የሚያጠምድበት ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ብርብራም እንደ ርካሹ መረብ ባለቤቱን ምንም አያስከፍለውም።

ሕግ አልጠፋም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ወጣ፤ የአማራ ክልልም ብዙ ሳይቆይ የራሱን አዋጅ አጸደቀ። የማስገር ፈቃድ፣ የተከለከለ መረብ፣ የመርዝ ክልከላ፣ ተቆጣጣሪ፤ ሁሉም በወረቀት ላይ አለ። ችግሩ ቁጥጥሩ የሚጀምረው ውሃው ላይ መሆኑ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በእንደዚህ ያለ ውሃ ላይ በሌሊት የተጣለ የማይታይ መረብ ለመፈለግ የሚወጣ ጀልባ ነዳጁን ይጨርሳል። መረቡ ግን ውሃ ላይ ከመድረሱ በፊት በድንበር ያልፋል፤ በመኪና ይጫናል፤ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ለማየት የሚያስቸግር አይደለም።

በሕጋዊው ወገን ደግሞ አስጋሪው ተገምዶ የተሠራውን መረብና መጠገኛ ክሩን እዚያው ባሕር ዳር፣ ሊከፍለው በሚችለው ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ፕሮጀክቱ ሲመጣ መረቡን ይዞ መጣ፤ ሲሄድ መረቡን የሚያመጣው አብሮ ሄደ። በእርዳታ የመጣ ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ዕቃው ይገባል፤ መለዋወጫው አይገባም። በገጠር ቆመው የቀሩትን የውሃ ፓምፖች ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜናዊና በምሥራቃዊው ዳርቻ ተስፋፍቶ መረብ የሚጣልበትን ቦታ አጠበበ፤ የተገመደውን ውድ መረብ ጠልፎ ይቀዳድደዋል፤ ይህም አስጋሪውን ይበልጥ ወደ ርካሹ ገፋው።

የጉና ገበሬ ድርሻ በዚህ ውስጥ ትንሽ አይደለም፤ ዓሣ ባይበላም። እንቁላሉ የሚያርፈው ጠጠር ላይ ነው፤ አፈር ከሸፈነው ይታፈናል። በጉማራ ላይኛው ተፋሰስ ከተዳፋት ማሳ የሚታጠበው አፈር በፎገራ ሜዳ አልፎ ሐይቁ ይደርሳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተጀመረውን ሴፍቲኔት በደንብ የሚያውቁ ወረዳዎች ናቸው፤ ቃሉ ራሱ መረብ ማለት መሆኑ ለዚህ ወግ ይመቻል። በዚያ ፕሮግራም የተሠራው እርከን ውሃው ወደ በሽሎ ለሚወርደው ማሳ የአፈር ጉዳይ ብቻ ነው፤ በእስቴና በፋርጣ ጉማራን በሚመግቡት ተዳፋቶች ላይ ግን እርከን የዓሣ ጉዳይም ይሆናል። እርከንም እንደ መረብ ነው፤ በክረምት ይናዳል፤ በበጋ ካልተጠገነ በሚቀጥለው ክረምት ከነበረው የባሰ ቦይ ይከፍታል።

በርብ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በቅርብ ዓመታት የተጠናቀቀው የርብ ግድብ 73 ሜትር ከፍታ አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ለፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይፍረስ አይልም። ለነጭ ዓሣው ግን ከግድቡ በላይ ያለው ወንዝ ተዘግቷል። ያ ማለት ከጉና ወደ ጣና ከሚወርዱት ሁለት ወንዞች እስከ ላይ ክፍት ሆኖ የቀረው ጉማራ ነው፤ የጉማራ አፍ ጉዳይም ከበፊቱ የከበደ ሆኗል።

ሐይቁ ገና አልሞተም። ቀረሶና አምባዛ ወንዝ መውጣት ስለማያስፈልጋቸው እየተያዙም ይተካሉ፤ ባሕር ዳር ምግብ ቤት የሚቀርበው ዓሣ በአብዛኛው እነሱ መሆናቸው ሁሉ ነገር ደህና ያስመስላል። ነጭ ዓሣው ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለመውለድ ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ አንድ ክረምት ያመለጠው ትውልድ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ በሚጎድለው መረብ ነው። በባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይህን ለረጅም ጊዜ ሲናገሩ ኖረዋል።

ሊደረግ የሚችለው ነገር የሚታወቅና ርካሽ ነው። የተገመደ መረብና የመጠገኛ ክር በማኅበራቱ በኩል በዱቤ ይቅረብ፤ ሞኖፊላመንት ይዞ የመጣ አስጋሪ ለዋጋው ማካካሻ ይታሰብለት፤ መርፌና ልኬት ይዞ መጠገን የሚችለው ሽማግሌ ለወጣቱ የሚያስተምርበት ደመወዝ ይከፈለው። ቁጥጥሩ ደግሞ ሐምሌ ላይ ከጎተራውና ከሱቁ ይጀምር፤ ምክንያቱም ነሐሴ ሲገባ ነጭ ዓሣው ጉማራ አፍ ላይ ጎርፍ እየጠበቀ ነው።